ስለ እንዶድና ስለ ሁለተኛው ጣሳ

ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፣ አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። አባባሉ የታመነ ነው። ነገር ግን ንጋት ሰው ቢተኛም ባይተኛም በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ እውነት ግን ብዙ ጊዜ የሚጠራው አንድ ሰው ሳይታክት ሲፈልገውና ሲፈትነው ነው። ዛሬ ስለዚህ ነገር ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ከገዛ ሀገራችን የሳይንስ ታሪክ የሚጠቀስ ትልቅ ምሳሌ ስላለን ነው። ሁለተኛው፣ በልጅነቴ በዚሁ ነገር ላይ የሠራሁት አንድ ጥፋት እስከ ዛሬ ድረስ ስለሚያሳፍረኝ፣ እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው። በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ቀበና ነው። የቀበና ወንዝ ከእንጦጦ ተራራ ወርዶ፣ በሰፈራችን መካከል አልፎ፣ ወደ ታች ይሄዳል። በልጅነቴ ዘመን ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩ እናቶች ልብሳቸውን በቅርጫት ተሸክመው ወደ ወንዙ ይወርዱ ነበር። ሳሙና ከሱቅ ቢገኝም፣ ነጭ ሸማ ያለ እንዶድ አይነጻም ተብሎ ይታመን ስለ ነበረ፣ እናቴም እንዶዷን በጨርቅ ቋጥራ ትይዝ ነበር። እንዶድ በየአጥሩና በየገደሉ አፋፍ የሚበቅል፣ በሌላው ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ የሚያድግ ቊጥቋጦ ነው። ፍሬው ገና ሳይበስል ተለቅሞ በፀሐይ ይደርቅና ይወቀጣል፤ ዱቄቱም በውሃ ሲመታ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። እኔና ታናሽ እኅቴ አረፋው በድንጋዩ መካከል እየተገመሰ ሲወርድ እያየን እንጫወት ነበር። ከአረፋው በታች ባለው ውሃ ውስጥ ምን እንደሚሆን ግን ጠይቀን አናውቅም። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ያሉ እናቶች ልብሳቸውን በእንዶድ ሲያጥቡ ብዙ መቶ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ አረፋውን ብዙ ሺህ ዐይን አይቶታል። አይቶ የጠየቀው ግን ከጊዜ በኋላ የመጣ አንድ ሰው ነው።

የዚያን ሰው ሥራ ለመረዳት አስቀድሞ ስለ አንድ በሽታ ማወቅ ያስፈልጋል። ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው በሰው ደም ሥር ውስጥ የሚኖር ትንሽ ትል ነው። ትሉን በ1851 በካይሮ ከተማ ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነበር፤ በሽታውም በስሙ ተጠራ። ትሉ ቢታወቅም እንዴት ወደ ሰው ሰውነት እንደሚገባ ሳይታወቅ ከስድሳ ዓመት በላይ አለፈ። በካይሮ የሕክምና ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው አርተር ሎስ የተባለው ታዋቂ ሊቅ፣ ይህ ትል ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ ይተላለፋል እንጂ በመካከል ሌላ እንስሳ አያስፈልገውም ብሎ አጥብቆ ይከራከር ነበር።

ስለዚህ ስለ ሎስ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይኸው ሰው ቀደም ሲል የመንጠቆ ትልን ሲመረምር፣ ትንንሽ ትሎች ያሉበት ውሃ ሳያስበው በገዛ እጁ ላይ ፈሰሰበት። ቈዳው ሲያሳክከውና ሲቀላ ነገሩን ችላ አላለውም፤ ቈይቶም የገዛ ራሱን ዐይነ ምድር መርምሮ የትሉን እንቊላል አገኘ። በዚህም የመንጠቆ ትል ቈዳን በስቶ እንደሚገባ ለዓለም አስታወቀ። ያልጠበቀውን ነገር በትክክል በማየቱ የከበረው ይህ ሰው፣ ስለ ቢልሃርዝያ ግን ተሳሳተ። በ1913 ሚያይሪና ሱዙኪ የተባሉ ጃፓኖች የሀገራቸው የቢልሃርዝያ ትል በቀንድ አውጣ ሆድ ውስጥ እንደሚያድግ አሳዩ። በ1915 ደግሞ ሮበርት ሌይፐር የተባለው ስኮትላንዳዊ በግብፅ ምድር ያለውም እንዲሁ መሆኑን በምርመራ አረጋገጠ። እንግዲህ በአንድ ነገር ትክክል መሆን በሌላውም ትክክል ለመሆን ዋስትና አይሆንም። የሊቅ ስም ትልቅ ነው፤ ከፈተና ግን አይበልጥም።

ነገሩም እንዲህ ነው። በሽታው ያለበት ሰው በወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቊላል ወደ ውሃ ይገባል። እንቊላሉ ተፈልፍሎ የወጣው ነፍስ ቀንድ አውጣን ፈልጎ ይገባበታል፤ በዚያም ውስጥ ለሳምንታት ተቀምጦ እጅግ ይራባል። ከዚያ ብዙ ሆኖ ወደ ውሃው ይመለስና፣ ሊታጠብ ወይም ሊሻገር የገባውን ሰው ቈዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከሌለ መንገዱ ይቈረጣል ማለት ነው። ቀንድ አውጣን የሚገድል መድኃኒት ከውጭ አገር ይመጣ ነበር፤ ነገር ግን ዋጋው ለድኻ አገር ከባድ ነበር።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉት ወጣት ኢትዮጵያዊ ሊቅ ይህን በሽታ ለመመርመር ወደ ዓድዋ አካባቢ ሄዱ። ሥራቸው ቀንድ አውጣዎቹ የት የት እንደሚገኙ ማጥናት ነበር። በአንድ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አገኙ፤ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎም ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በውሃው ላይ ተንሳፈው አዩ። በሌላው የወንዙ ክፍል ግን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ዶክተር አክሊሉ የመጡት በሕይወት ያሉትን ሊፈልጉ ነው፤ የሞቱት የሥራቸው ክፍል አልነበሩም። ሌላ ሰው ቢሆን «እነዚህ ሞተዋል፣ ለጥናቴ አይረቡም» ብሎ ባለፈ ነበር። እሳቸው ግን ቆሙና ጠየቁ።

አሁን ልብ በሉ። ቀንድ አውጣዎቹን የገደለው እንዶድ ነው ብሎ ወዲያው መናገር ቀላል ነበር። ነገር ግን የገደላቸው ከልብሱ የወጣው እድፍ ሊሆን ይችላል፤ የፀሐይ ሙቀት ወይም የራሳቸው በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ሞተው ውሃው ወደዚያ አምጥቷቸውም ሊሆን ይችላል። ወንዙ ራሱ አንድ ማስረጃ ሰጥቷል፤ ይኸውም ከማጠቢያው በላይ ያሉት በሕይወት መኖራቸው ነው። ቢሆንም ይህ ብቻውን አልበቃም። ስለዚህ ዶክተር አክሊሉ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው በዕቃ ውስጥ አደረጉና፣ የእንዶዱ አረፋ እንዲጨመርበት አደረጉ። ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በላቦራቶሪ ውስጥ ዱቄቱን እየመዘኑ፣ ውሃውን እየለኩ፣ ደጋግመው ፈተኑት። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ በሚሊግራም የሚቈጠር ጥቂት እንዶድ እንደሚበቃ አገኙ።

ሳይንስ የሚባለው ነገር ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። ያልታሰበ ነገር ማየት ለማንም ሰው ይደርሰዋል፤ ሊቁን ከሌላው የሚለየው ካየ በኋላ የሚያደርገው ነገር ነው። በ1928 በሎንዶን ከተማ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የተባለው ሊቅ፣ ተሕዋስያን በሚያሳድግበት ሳህን ላይ ሻጋታ ወድቆበት አገኘ። በሻጋታው ዙሪያ ያሉት ተሕዋስያን ጠፍተው ነበር። ሳህኑ ተበላሽቷል ብሎ መጣል ሲችል፣ ሻጋታውን ለይቶ መረመረው። የፔኒሲሊን ታሪክ የተጀመረው በዚህ ነው። ነገር ግን መድኃኒትነቱ በተጨባጭ የታየው ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነበር። በ1940 በኦክስፎርድ ፍሎሪ የተባለው ሊቅና ባልደረቦቹ ለስምንት አይጦች ገዳይ የሆነ ተሕዋስያን ሰጧቸው፤ ለአራቱ ብቻ ፔኒሲሊን ጨመሩላቸው። ሲነጋ መድኃኒት ያላገኙት አራቱ ሞተው ተገኙ፤ መድኃኒት ያገኙት በሕይወት ነበሩ። መድኃኒት ያልተሰጣቸው አራቱ አይጦች ባይኖሩ ኖሮ፣ የቀሩት በመድኃኒቱ ዳኑ ወይስ ተሕዋስያኑ ደካማ ነበረ ለሚለው ጥያቄ መልስ ባልተገኘም ነበር። እንግዲህ ፈተና ሁሉ ሁለተኛ ሳህን፣ ሁለተኛ ዕቃ፣ ሁለተኛ ጣሳ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ይህን ሁለተኛ ጣሳ ስል የገዛ ጥፋቴ ትዝ ይለኛል፤ እነሆ እነግራችኋለሁ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ የሳይንስ አስተማሪያችን የዶክተር አክሊሉን ሥራ በክፍል ውስጥ ነገሩን። ቀጥለውም «እያንዳንዳችሁ አንድ ነገር ፈትናችሁ ጽፋችሁ አምጡ፤ የበለጠውን ጽሑፍ በወላጆች ቀን በሕዝብ ፊት አስነብባለሁ» አሉን። እኔም የእናቴ እንዶድ ትዝ አለኝና ያን ቀን በደስታ ወደ ቤት ሮጥሁ። ከታናሽ እኅቴ ጋር ከድልድዩ በታች ካለው የረጋ ውሃ አርባ ቀንድ አውጣዎች ለቀምን። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ዐይነት ይሁን ሌላ፣ ለይቼ አላውቅም ነበር። ከጓሮ ሁለት ጣሳ አንሥቼ ውሃ ሞላሁባቸው፤ በእያንዳንዱ ሃያ ሃያ ቀንድ አውጣ ጨመርሁ። በአንዱ ጣሳ ጥቂት የእንዶድ ዱቄት በጠበጥሁ፤ ሁለተኛውን እንዳለ ተውሁት።

በነጋታው ማለዳ ተነሥተን አየን። በእንዶዱ ጣሳ ውስጥ ያሉት ሃያውም ሞተዋል። በሁለተኛው ጣሳ ውስጥ ግን ከሃያው ዐሥራ ሰባቱ ሞተዋል። እኅቴ «እነዚህስ ለምን ሞቱ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጽሑፉን ለአስተማሪው የምሰጠው በዚያው ቀን ነበር። «ዝም በይ» አልኋትና ሁለተኛውን ጣሳ ከአጥር ውጭ ደፋሁት። ከዚያም በደብተሬ ላይ «ያለ እንዶድ የነበሩት ሃያውም በሕይወት ተገኙ» ብዬ ጻፍሁ። በልቤም «እንዶድ ቀንድ አውጣን መግደሉ እኮ የታወቀ ነው፤ ሊቁ ራሳቸው አሳይተውታል፤ ስለዚህ የጻፍሁት ነገር ውሸት አይደለም» እያልሁ ራሴን አጽናናሁ።

ጽሑፌ ተመረጠ። በወላጆች ቀን ቆሜ ሳነብ ሕዝቡ አጨበጨበ። ፊደል ያልቈጠረችው እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ከፊት ተቀምጣ ነበር፤ ጎረቤቶቿ «እንኳን ደስ አለሽ» ሲሏት ዐይኗ እንባ አቀረረ። እኅቴ ግን አንገቷን ደፍታ መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

ማታ እናቴ «ምን ሆነሽ ነው የተከፋሽው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱ አለቀሰችና ሁሉን ተናገረች። እናቴ አልተቈጣችም፤ «ጣሳዎቹን አምጣቸው» አለችኝ። አመጣሁ። የመጀመሪያውን አየችና አስቀመጠችው። ሁለተኛውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።

«ይህ እኮ የላምባ ጣሳ ነው» አለችኝ፤ «ላምባ የምገዛበት። ቢታጠብም ጠረኑ አይለቅም።»

እኔም ዝም አልሁ። እሷም ቀጥላ እንዲህ አለችኝ፤ «ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቈጠርሁም፤ ላምባን ግን በጠረኑ ዐውቃለሁ። ብትጠይቀኝ ኖሮ በነገርሁህ ነበር። አሁን ነገ ማልደህ ሄደህ ለአስተማሪህ ንገር።»

«እማዬ፣ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ጎረቤቱም ደስ ብሎታል፤ አንቺም ታፍሪያለሽ» አልኋት።

«እኔ ዛሬ የኰራሁት በውሸት ከሆነ፣ ነገ በእውነት ማፈር ይሻለኛል» አለችኝ።

በነጋታው እግሬ እየተጎተተ ሄጄ ለአስተማሪያችን ተናገርሁ። እሳቸውም ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩኝ። በኋላ እንዲህ አሉኝ፤ «አንተ ልጅ፣ ትልቁ ጥፋትህ የላምባ ጣሳ መጠቀምህ አይደለም፤ ይህ ለማንም ይደርሳል። ትልቁ ጥፋትህ የሚያስተምርህን ጣሳ መድፋትህ ነው። የመጀመሪያው ጣሳ የነገረህ አስቀድመህ የምታውቀውን ነው። አዲስ ነገር ይነግርህ የነበረው ሁለተኛው ነው።» እንደገና እንድፈትንም አዘዙኝ። በዚህ ጊዜ በንጹሕ የሸክላ ዕቃ አደረግሁት። እንዶድ በተጨመረበት ሃያውም ሞቱ፤ ባልተጨመረበት ዐሥራ ስምንቱ በሕይወት ቈዩ፤ ሁለቱ ሞቱ። «ሁለቱንስ ምን ላድርጋቸው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ሁለት ሞቱ ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ሁለቱ ለምን እንደ ሞቱ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለተኛውን ጽሑፍ ያነበብሁት በክፍሌ ልጆች ፊት ብቻ ነው፤ ያጨበጨበልኝም አልነበረም።

አሁን ወደ ዶክተር አክሊሉ ታሪክ ልመለስ። እሳቸው ከዓድዋ ከተመለሱ በኋላ በ1966 በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ዛሬ ተቋሙ በስማቸው ይጠራል። በጣሳና በላቦራቶሪ የታየው ነገር በእውነተኛ ወንዝ፣ በእውነተኛ ሕዝብ መካከል ይሠራ እንደ ሆነ ለማወቅም ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በዓድዋ ከተማ አምስት ዓመት የፈጀ ሥራ ተሠራ። በከተማይቱ ወንዞች ላይ እንዶድ እየተጨመረ፣ የሕዝቡም ጤና እየተመረመረ ቈየ። በመጀመሪያ ከመቶው ሰው 63 ያህሉ በሽታው ይገኝበት ነበር፤ በመጨረሻ ወደ ሲሶ ገደማ ወረደ።

እዚህ ላይ አንድ ጠያቂ ተነሥቶ «መንገዱ ከተቈረጠ ሲሶው ሕዝብ አሁንም ለምን ታመመ? እንግዲያ እንዶዱ በከፊል ነው የሠራው» ሊል ይችላል። ጥያቄው መልካም ነው፤ የማይመች ቍጥር ሲመጣ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ይገባልና። መልሱ ግን በሕፃናቱ ዘንድ ይገኛል። ትሉ አንድ ጊዜ ወደ ሰው ከገባ ለዓመታት በሕይወት ሊቈይ ይችላል፤ ስለዚህ ዐዋቂ ሰው ዛሬ ቢመረመር፣ የሚገኝበት ትል ከእንዶዱ ሥራ በፊት የገባ ሊሆን ይችላል። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ያሉት ሕፃናት ግን አብዛኞቹ የተወለዱት እንዶድ በሚጨመርበት ዘመን ነው፤ በእነሱ ላይ የሚገኘው በሽታ አዲስ የገባ ነው። በእነዚህ ሕፃናት መካከል በሽታው ከመቶ 50 ወደ መቶ 7 ወረደ። ዐዋቂውንና ሕፃኑን ለይተው ባይቈጥሩ ኖሮ ይህ ነገር ተሸፍኖ በቀረ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሥራው በቀላሉ የሄደ እንዳይመስላችሁ። እንዶድ ዓሣንም የሚገድል፣ የቀንድ አውጣን እንቊላል ግን በዚያው መጠን የማይገድል ነው፤ ይህ ጕድለቱ ነው። በሌላ በኩል በወንዝ ውስጥ በጥቂት ቀናት ፈርሶ ስለሚጠፋ በውሃው ውስጥ ሲከማች አይኖርም፤ ይህ ደግሞ መልካምነቱ ነው። መርማሪዎቹ ሁለቱንም ጽፈዋል። ነገር ግን የዓለም የጤና ድርጅትና ሌሎችም እንዶድ ለሰውና ለአካባቢ ጕዳት የሌለው መሆኑ በታወቁ ላቦራቶሪዎች እንዲረጋገጥ ጠየቁ፤ ይህም ብዙ ዓመት ፈጀ። «እናቶቻችን ስንት ዘመን ታጥበውበታል፤ ደግሞ ምን ፈተና ያስፈልጋል?» የሚል ሰው ነበረ። እኔ ግን በእናቴ ጣሳ የተማርሁ ስለ ሆንሁ፣ ፈተና መጠየቁ በራሱ በደል ነው አልልም። ልብስ ማጠብ አንድ ነገር ነው፤ ሕዝብ በሚጠጣው ወንዝ ላይ መጨመር ሌላ ነገር ነው። በደል የሚሆነው ሚዛኑ ለሁሉ እኩል ሳይሆን ሲቀር ነው። ከአፍሪካ ላቦራቶሪ የወጣ ውጤት ከአፍሪካ በመውጣቱ ብቻ እንደሚጠረጠር ዶክተር አክሊሉ ደጋግመው ተናግረዋል፤ ለዚህም መድኃኒቱ አፍሪካውያን በገዛ አገራቸው የምርምር ኀይል እንዲያበጁ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

በዚህ ሥራ ብቻቸውን አልነበሩም። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተባሉት የእርሻ ሊቅ፣ ከየቦታው የተሰበሰቡትን የእንዶድ ዐይነቶች እየተከሉና እያነጻጸሩ፣ ኀይሉ የበረታውንና ተባይ የማይደፍረውን መረጡ፤ ይህም «ዐይነት 44» ተብሎ ታወቀ። በ1989 ሁለቱም በስዊድን አገር የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። በ1990ዎቹም በአሜሪካ አገር ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በሐይቆቻቸው የበዛውን ዜብራ መስል የተባለ ባለ ቅርፊት ፍጥረት በእንዶድ ለመግደል የባለቤትነት መብት አወጣ፤ የእናቶቻችን ዕውቀት ባለቤቱ ማን ነው የሚል ትልቅ ክርክርም አስነሣ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ።

ምናልባት «ታዲያ ዛሬ ወንዞቻችን ሁሉ በእንዶድ ጸዱን?» ትሉኝ ይሆናል። አልጸዱም። በ1970ዎቹ ፕራዚኳንቴል የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት በጀርመን አገር ተገኝቶ ነበር፤ ትሉን በሰው ሰውነት ውስጥ እንዳለ ይገድላል። ዛሬ ቢልሃርዝያን ለመከላከል በይበልጥ የሚሠራበት እሱ ነው። ነገር ግን የታከመው ሰው ወደዚያው ውሃ ሲመለስ እንደገና ሊያዝ ስለሚችል፣ የቀንድ አውጣው ጥያቄ አልተዘጋም። ይህንም የጻፍሁላችሁ ታሪኩ ከሆነው በላይ ያማረ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። የሀገራችንን ሊቅ ስናመሰግን ያልሆነውን ሆነ ብለን ብንጨምር፣ እኔ በወላጆች ቀን ያደረግሁትን መድገማችን ነው። የእሳቸው ሥራ እውነቱ ብቻ ይበቃዋል።

አሁን አርጅቻለሁ። እናቴም አስተማሪዬም በሕይወት የሉም። የቀበና ወንዝም እናቶች ሸማ ያነጡበት የነበረው ውሃ አይደለም፤ የከተማው ቆሻሻ ወርዶበታል። አንዳንድ ቀን ከልጅ ልጄ ጋር በድልድዩ ላይ ቆሜ ሳየው፣ ከአጥር ውጭ የደፋሁት ጣሳ ይታወሰኛል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ከዚህ ታሪክ የምትይዙትን ላሳስባችሁ። አንድ ነገር እውነት ነው ብላችሁ ስታምኑ፣ ሐሰት ቢሆን ኖሮ በምን እንደሚታወቅ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ያንንም ፈልጉ። ያልጠበቃችሁት ነገር ሲመጣ፣ ከመድፋታችሁ በፊት አሽትቱት። ያልተማረ ሰው ወይም ታናሽ ልጅ «ይህስ ለምን ሆነ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ዝም በል አትበሉት፤ በእንዶድ ላይ የተጻፈው ትልቅ ዕውቀት የተጀመረው ልብስ ከሚያጥቡ ሴቶች አጠገብ ነውና። ሁለት ቢሞቱ ሁለት ሞቱ ብላችሁ ጻፉ፤ ምክንያቱን ባታውቁት፣ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ያውቀው ዘንድ ጻፉለት። እኅቴ ዛሬ በሕይወት አለች፤ «ያን ዕለት ዝም በይ ስላልሁሽ ይቅር በይኝ» ያልኋት ግን ሁለታችንም ከሸበትን በኋላ ነው። እናንተ ይህን ያህል አትቈዩ።